ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል



በየዓመቱ ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ ቢሮዬ በላስቲክ ከረጢት ይሞላል። ከረጢቱ ውስጥ የዓመት ኑሯችሁ ተጠቅልሎ አለ፤ የቤንዚን ደረሰኝ፣ የዘይት ቅያሪ፣ የጎማ፣ የኢንሹራንስ፣ አንዳንዴም በስሕተት የገባ የልጅ ትምህርት ቤት ወረቀትና የቤተ ክርስቲያን የስለት ደረሰኝ። እኔም አንድ በአንድ እያነሣሁ እለያለሁ። ዘንድሮ ግን ከአንድ ደንበኛዬ ከረጢት ያልጠበቅሁት ወረቀት ወጣ። የወንጀል ጠበቃ ደረሰኝ ነው፤ 3,500 ዶላር ይላል። ቀና ብዬ አየኋቸው። «እሱንም ወጪ አድርገህ ያዝልኝ» አሉኝ፣ የዘይት ቅያሪ ይመስል።

እኒህን ሰው ጋሼ እላቸዋለሁ። 61 ዓመታቸው ነው። እዚሁ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ታክሲ ሲነዱ 14 ዓመት አልፏቸዋል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከመኪና ማቆሚያ ቅጣት በስተቀር ከሕግ ጋር ተጋጭተው አያውቁም። ታሪኩን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል፤ ስሜን ብቻ ተወው ብለዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሰመር አንድ ሌሊት የኋላ መብራታቸው ተቃጥሎ ኖሮ ፖሊስ አስቆማቸው። መንጃ ፈቃዳቸውን ለማውጣት ከወንበራቸው ብድግ ሲሉ ከሱሪ ኪሳቸው አፍ ላይ የሰንጢ መስቀያ ብረት ብቅ ብሎ ታየ። ፖሊሱ ከመኪናው አስወርዶ ሰንጢዋን አወጣት። ትልቅ ናት፤ ስትታጠፍ መዳፍ የምትሞላ፣ ስትዘረጋ ቀጭ ብላ የምትቆለፍ። «ይህን ለምን ትይዛለህ?» ብሎ ጠየቃቸው። ጋሼም ድምፃቸውን እንኳ ሳይለውጡ «ሌባ ቢመጣብኝ ልወጋበት ነዋ!» አሉት፣ በእንግሊዝኛ፣ አንድም ስሕተት ሳይኖርበት። «ስንት ዓመት ስንተባተብ ኖሬ ያን ሌሊት ብቻ አስተካክዬ ተናገርኩ» ይላሉ አሁን እየሣቁ። የዚያን ዕለት ግን አልሣቁም። ሌሊቱን በእስር አደሩ፤ ታክሲያቸውም ተጎትታ ሄደች።

በእኛ አገር ሰው ጆሮ ይህ መልስ ምንም ነውር የለበትም። የገጠር ሰው ዱላውን ወይም ጩቤውን ይዞ መንገድ ሲወጣ ለምን ያዝክ የሚለው የለም። የአፋር ሰው ጊሌውን ታጥቆ ገበያ ይውላል። አዲስ አበባ ውስጥ «ሰንጢ የሚይዝ ዱርዬ ነው» እየተባልን ብናድግም በአባቶቻችን ኪስ አንዲት ትንሽ ሰንጢ አትጠፋም ነበር፤ ብርቱካን ይላጥባታል፣ ሸንኮራ ይቆረጥባታል፣ እርሳስ ይቀረጽባታል። ራሱን የሚጠብቅ ሰው ይከበራል እንጂ አይከሰስም። ጋሼ የተናገሩት ከዚያ ዓለም ሆነው ነው፤ የተሰሙት ግን በዚህኛው ነው።

እኔ የሂሳብ ሰው ነኝ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም። ቢሆንም ደረሰኙን ካየሁ በኋላ ሕጉን ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የዋሽንግተን ዲሲ ሕግ ስለቱ ከ3 ኢንች (7 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል) የበለጠ ቢላዋን በሌላ ሰው ላይ ከሕግ ውጭ ለመጠቀም አስቦ መያዝን ወንጀል ያደርገዋል። የጋሼ ሰንጢ ስትለካ ሦስት ኢንች ከሦስት አራተኛ ሆና ተገኘች፤ ብዙዎቻችሁ ከምታውቋትና ከ1964 ጀምሮ ከምትሠራው ባክ 110 ጋር እኩል ማለት ነው። (የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ልብ በሉ፤ ርዝመቱ ብቻውን አይበቃም፣ ሐሳቡም መኖር አለበት። ሐሳብ ደግሞ ኪስ ተፈትሾ አይገኝም፤ የሚገኘው ከአፍ ነው። ዓቃቤ ሕጉ የጎደለችውን አንዲት ነገር ጋሼ ራሳቸው በሰላሳ ሰከንድ ውስጥ አስረከቡት። ራስን መከላከል ከሕግ ውጭ አይደለም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ጠበቃቸውም ያንኑ ነበር የተከራከሩት። ክርክሩ ግን የሚደረገው ከታሰሩ በኋላ ነው። 3,500 ዶላሩም የክርክሩ ዋጋ ነው።

ክሱ ከአራት ወር በኋላ ተነሣ። ጋሼም «ነጻ ወጣሁ» ብለው ደገሱ፤ እኔም ተጠርቼ በልቻለሁ። ከበዓሉ በኋላ ግን የታክሲ ፈቃድ የማደሻ ጊዜ ደረሰና የክሱን ውጤት የሚያሳይ ወረቀት አምጡ ተባሉ። ወረቀቱ እስኪገኝ ሳምንታት አለፉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የመኪናው ዕዳ አልቆመም፣ ኢንሹራንሱም አልቆመም። ያላቋረጠ ወጪና የቆመ ገቢ ምን እንደሚያደርግ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ዜጋ ላልሆነ ሰው የፍርድ ቤቱ በር ከተዘጋ በኋላ ገና አንድ በር ይቀራል። የዜግነት ማመልከቻው፣ ማለትም ኤን-400 የሚባለው ፎርም፣ ተፈርዶብህ ያውቃል ወይ ብሎ ብቻ አያቆምም፤ ተይዘህ ወይም ታስረህ ታውቃለህ ወይ ይላል። ክሱ ተነሥቶ ቢሆንም፣ መዝገቡ ተዘግቶ ቢሆንም «አዎ» ማለት ግዴታ ነው፤ ከፍርድ ቤት የተረጋገጠ የውሳኔ ቅጂም ማያያዝ ያስፈልጋል። «ክሱ ስለተነሣ የለም ብዬ ሞላሁ» ያሉኝ ሰዎች አሉ። ይህ ከሰንጢው የባሰ ነው፤ ያልነበረውን ጥፋት በውሸት መፍጠር ነውና። ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

ጥፋተኛ የተባለ ሰው ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። ሰንጢ መያዝ ብቻውን ከአገር የሚያስወጣ ወንጀል ሆኖ አይቆጠርም፤ በሰው ላይ ለመጠቀም አስቦ መያዝ ግን ሌላ ነው። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ በ1959 በሰጠው ውሳኔ በሌላ ሰው ላይ ለመጠቀም አስቦ መሣሪያ ደብቆ መያዝ የሥነ ምግባር ዝቅጠት ያለበት ወንጀል ነው ብሏል። እንዲህ ያለ ወንጀል አገር በገቡ በአምስት ዓመት ውስጥ ከተፈጸመና ሕጉ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ እስራት የሚፈቅድበት ከሆነ ግሪን ካርድ ያለውንም ሰው ለመባረር ያጋልጠዋል። ልብ በሉ፣ የተፈረደው አይደለም የሚቆጠረው፣ ሊፈረድ የሚችለው ነው። በጊዜያዊ ከለላ የሚኖር ሰው ከሆነ ደግሞ ሁለት ቀላል ወንጀሎች ብቻ ከለላውን ያሳጡታል።

ሜሪላንድ ያላችሁ አንድ ነገር ጨምራችሁ ያዙ። እዚያ ዳኛ ለመጀመሪያ ጥፋት ብዙ ጊዜ «ከፍርድ በፊት አመክሮ» የሚባለውን ይሰጣል። በክፍለ ሀገሩ ሕግ እንደ ፍርድ አይቆጠርም፣ ሰውየውም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከ1996 ወዲህ ያለው የኢሚግሬሽን ሕግ ግን ጥፋቱን ያመነ ወይም ጥፋተኛ የተባለና ማንኛውም ቅጣት ወይም ገደብ የተጣለበት ሰው ተፈርዶበታል ይላል። ስለዚህ አንዱ መሥሪያ ቤት «አልተፈረደብህም» ያለውን ሰው ሌላው «ተፈርዶብሃል» ሊለው ይችላል። ሁለቱም እንደየሕጋቸው ትክክል ናቸው።

በ2010 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው የፓዲያ ጉዳይ ለእናንተ የተጻፈ ይመስለኛል። ሰውየው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ከ40 ዓመት በላይ በግሪን ካርድ ኖሯል፣ ለአሜሪካ በቪየትናም ዘምቷል። መኪናው ውስጥ ማሪዋና ተገኘበት፤ ጠበቃውም ብዙ ዘመን ስለኖርክ የኢሚግሬሽን ነገር አያሳስብህ ብሎ ጥፋቱን አሳመነው። ምክሩ ስሕተት ነበር፤ መባረር መጣበት። ፍርድ ቤቱ የወንጀል ጠበቃ ጥፋትን ማመን በኢሚግሬሽን በኩል የሚያስከትለውን ለደንበኛው መንገር አለበት ሲል ወሰነ። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የመጠየቅ መብት አላችሁ፤ ጠበቃው ሳይጠየቅ ካልተናገረ እናንተ ሳትፈርሙ ጠይቁት።

ጋሼን ይህን ሁሉ ስነግራቸው ተቆጡኝ። «አንተ ምን አለብህ፣ ቀን ለቀን ከወረቀት ጋር ትውላለህ። እኔ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት የማላውቀውን ሰው ከኋላዬ አስቀምጬ ነው የምነዳው» አሉኝ። እውነት አላቸው። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ኦሻ የሚባለው፣ የታክሲ ነጂ በሥራ ላይ የመገደል ዕድሉ ከሌላው ሠራተኛ ከ20 እጥፍ በላይ መሆኑን በ2010 ጽፏል። ከዚህ ማኅበረሰብ ለቅሶ የተቀመጥንባቸውን ወንድሞች ሁላችንም እናስታውሳለን። ፍርሃቱ የፈሪ ፍርሃት አይደለም።

እኔም ከዚያ አልራቅሁም። በ2004 ቀን እየተማርኩ ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ፤ ከምድር በታች ሁለተኛ ፎቅ፣ አንዲት የመስታወት ሳጥን ውስጥ። በመጀመሪያው ደመወዜ ትልቅ ሰንጢ ገዛሁ። ሳንድዊች ከመቁረጥ በቀር አንድም ቀን አልጠቀመችኝም። ፍጻሜዋም አስቂኝ ነው፤ እኅቴን ለኢሚግሬሽን ቀጠሮዋ ልሸኛት ወደ አንድ የፌዴራል ሕንፃ ስሄድ በሩ ላይ ትዝ አለችኝ። ወደ መኪና ልመለስ ብል ሰዓቱ ደርሷል። ደጅ ካለው የአበባ መትከያ አፈር ውስጥ ቀበርኳት። ስንመለስ የለችም። ዛሬ ሳስበው ያገኛት ሰው ውለታ ነው የዋለልኝ፤ በፌዴራል ሕንፃ ውስጥ ከ2 ኢንች ተኩል ያነሰ ስለት ያላት የኪስ ሰንጢ ብቻ ናት ከአደገኛ መሣሪያ የማትቆጠረው፤ ከዚያ በላይ ያለው ይዘው ቢገቡ ያስከስሳል።

ታዲያ ጋሼን እንዲህ አልኳቸው። «እስቲ ያሳዩኝ፤ ታክሲ ውስጥ እንዳሉ ሆነው ይቀመጡ።» ወንበር ላይ ተቀመጡ። የመቀመጫ ቀበቶው ወገባቸውን ይዟል፣ ሰንጢዋ ከቀበቶው በታች ከኪስ ውስጥ ናት፣ ሌባው ከኋላ ነው፣ እጃቸው መሪ ላይ ነው። እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰድደው፣ አውጥተው፣ ዘርግተው፣ ዞረው... ከዞሩ በኋላም ከወንበሩ መደገፊያ አልፈው መድረስ አለባቸው። እኔ ከኋላቸው ቆሜ እስክሪብቶዬን አንገታቸው ላይ ካሳረፍኩ ቆይቻለሁ። ዝም አሉ። ትልቅ ሰንጢ ለተቀመጠ ሾፌር የሚያደርገው ነገር ቢኖር ገንዘብ ብቻ ይዞ ሊሄድ የነበረውን ሌባ ማስደንገጥ ነው።

ገንዘባችሁን በምን ላይ ታውሉት ብትሉኝ፣ ሌባ አስቀድሞ የሚያየው ካሜራ፣ ከኋላና ከፊት የሚለይ ግርዶሽ፣ ድምፅ የሌለው የአደጋ ጥሪ፣ ጥሬ ገንዘብ የሚቀንስ የካርድ ማሽን እላለሁ። ኦሻም የሚመክረው ይህንኑ ነው። ደግሞም የካሜራው ደረሰኝ ሲመጣልኝ ያለ አንዳች ክርክር ወጪ አድርጌ እይዘዋለሁ።

የጠበቃውን ደረሰኝስ? ለመንግሥት የሚከፈል ቅጣት ከገቢ አይቀነስም፤ ይህ ያለቀ ነገር ነው። የጠበቃ ክፍያ ግን ነገሩ ከራሱ ከንግዱ የመነጨ ከሆነ፣ ወንጀልም ቢሆን፣ እንደሚቀነስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1966 ወስኗል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው በራ። «ታዲያ እኔስ ታክሲዬ ውስጥ አይደለም የተያዝኩት?» አሉ። ጥሩ ክርክር ነው፤ ሌላ ሂሳብ ሠሪ ምናልባት ይቀበልዎት ይሆናል። እኔ አልፈርምበትም። የታክሲ ንግድ የሚፈልገው ሰንጢ አይደለምና፤ ሰንጢዋ የኪሳቸው ናት።

ባለሱቆች ይህ የታክሲ ነጂ ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ካርቶን ለመክፈት ካርቶን መቁረጫ ግዙ፣ ከመደርደሪያው አጠገብ አንጠልጥሉት፣ ማታ እዚያው ትታችሁት ውጡ። ለምን እንደተቀመጠ ማንም አይጠይቃችሁም። የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ከሒሳብ መቀበያው አጠገብ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ለሽያጭ የሚደረደሩት ሰንጢዎች ናቸው። አከፋፋዩ አምጥቶ «ሁሉም ይሸጠዋል» ይላችኋል። ቁልፍ ሲነካ በራሱ የሚዘረጋውን ዓይነት ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር ለንግድ ማጓጓዝ በፌዴራል ሕግ ከ1958 ጀምሮ የተከለከለ ነው። በኒው ዮርክ ደግሞ በአንድ እጅ ተወንጭፎ የሚከፈተው ሰንጢ ለብዙ ዘመን ወንጀል ሆኖ ቆይቶ በ2010 የማንሃተን ዓቃቤ ሕግ ታላላቅ መደብሮችን ሳይቀር ተከታትሎ ወደ 1.9 ሚሊዮን ዶላር አስከፈላቸው። ያ ሕግ በ2019 ተሽሯል። ትልቁ መደብር ያን ከፍሎ ሥራውን ይቀጥላል፤ የእናንተ ሱቅ ግን የጠበቃውን የመጀመሪያ ወር አይችልም።

ደግሞ የሕጉ መለዋወጥ አለ። አንድ ሾፌር በአንድ ሌሊት ከቨርጂንያ አውሮፕላን ጣቢያ ተሳፋሪ ጭኖ የ14ኛውን ስትሪት ድልድይ ተሻግሮ ዲሲ ይገባል፣ ከዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ ያደርሳል። ሦስት ሕግ አቋረጠ። ሜሪላንድ ታጣፊ ሰንጢን፣ በራሱ የሚዘረጋ እስካልሆነ ድረስ፣ ትልቅም ቢሆን ከመሣሪያ አትቆጥረውም፤ ግን እዚያው ሜሪላንድ በመንግሥት ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ማንኛውም ቢላዋ ክልክል ነው፤ ልጃችሁን ልታመጡ ስትገቡ እንኳ ማለት ነው። ቨርጂንያ ተደብቀው እንዳይያዙ የዘረዘረቻቸው ዓይነቶች አሉ፤ በዝርዝሩ መጨረሻ «ይህን የመሰለ» የሚል ቃል ስላለ የትኛው ሰንጢ ምን እንደሚመስል ፍርድ ቤት ሲያከራክር ይኖራል። ኒው ዮርክ ከተማ ስለቱ 4 ኢንች የሞላውን በአደባባይ አትፈቅድም፤ ትንሹንም ቢሆን በግልጽ አንጠልጥሎ መሄድ ያስቀጣል። ይህች ጋዜጣ ለምትደርሳችሁ ለንደን ላላችሁ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ጥብቅ ነው፤ በ1988 ሕግ ያለ በቂ ምክንያት መያዝ የሚቻለው ታጥፎ የሚገባ፣ ስለቱ ከ3 ኢንች ያልበለጠ ሰንጢ ብቻ ነው፤ ሲዘረጋ የሚቆለፈው ከዚህ እንደማይቆጠር በ1993 ተወስኗል፤ እስራቱም እስከ አራት ዓመት ይደርሳል። «ራሴን ልጠብቅበት ነው» የሚለው መልስ እዚያ ምክንያት ሳይሆን ጥፋትን ማመን ነው። ጀርመንም በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆለፈውን ይዞ መውጣት ከ2008 ጀምሮ ከልክላለች፤ በ2024ም ሕጉን አጠበቀችው።

ሰንጢ ይጥፋ አላልኩም። እኔም ቤቴ አንድ አለኝ፤ ለሽርሽር ስንወጣ ሥጋ እቆርጥባታለሁ፣ ከዚያ ወደ መሳቢያዋ ትመለሳለች። የምለው ከኪስና ከታክሲ ትውጣ ነው። መያዝ ግድ ከሆነባችሁ ለሥራ የምትሆን ትንሽ ትሁን፣ ሥራውም እውነተኛ ይሁን። ፖሊስ ሲያስቆማችሁ እጃችሁ መሪው ላይ ይሁን። ለምን ያዝከው ብሎ ሲጠይቃችሁ የሥራ ምክንያት ካላችሁ ያንኑ በአጭሩ ንገሩት፤ ከሌላችሁ ውሸት አትፍጠሩ፣ ጀግንነትም አትናገሩ። ጠበቃዬ ሳይኖር አልናገርም ማለት በዚህ አገር ነውር አይደለም፣ መብት ነው።

ጋሼ ግሪን ካርድ ከያዙ 16 ዓመት ስለሆናቸው፣ ዕድሜያቸውም ከ55 ስላለፈ የዜግነቱን ፈተና በአማርኛ፣ በአስተርጓሚ መውሰድ ይችላሉ። ማመልከቻውን አብረን ሞልተናል፤ የታሰሩበትን ዕለት ጽፈናል፣ የተረጋገጠውን የፍርድ ቤት ወረቀት አያይዘናል። ቀጠሮው በሚመጣው ወር ነው። ባለፈው ሳምንት ሊያስፈርሙኝ መጥተው ፖስታ ለመክፈት እጃቸውን ኪሳቸው ሲከቱ አየኋቸው። አዲስ ሰንጢ ናት፣ ከበፊቷ ትንሽ ታንሳለች። «ይቺ እንኳ ደህና ናት» አሉኝ። ማስመሪያ አውጥቼ ለካኋት፤ 3 ኢንች ልክ። የቀጠሮው ዕለት የምወስዳቸው እኔ ነኝ፤ ከመኪና ሳይወርዱ ኪሳቸውን እንደምፈትሽ ከአሁኑ ነግሬያቸዋለሁ።